ሰብታይትሉን አጥፍቶ ማየት

ሰሞኑን «ፍሬንድስ» ከሚባለው የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ፊልም አንድ ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለ ሰብታይትል (ንግግሩ ከሥር ሳይጻፍልኝ) ተከታትዬ ጨረስኩ። በግምት አይደለም የገባኝ። ቀልዱ ሲመጣ ስቱዲዮ ውስጥ ካሉት ተመልካቾች እኩል ነው የሳቅኩት። ደስታው ገና አልለቀቀኝም፤ እንደ እኔ እንግሊዝኛን በፊልም ለምትለማመዱ የጠቀመኝን ላካፍላችሁ።

አጀማመሬ እንደ ብዙዎቻችን ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለተማርኩ ማንበብ አይከብደኝም ነበር። ፊልም በፍላሽ እያስጫንኩ ማየት ስጀምር አክሽን ለቋንቋ እንደማይሆን ቶሎ ገባኝ። ተኩስ እንጂ ወሬ የለውም። ስለዚህ ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ተከታታይ መረጥኩ። ፍሬንድስ ከ1994 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በ10 ሲዝን የታየ ነው። አንዱ ክፍል 22 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ደጋግሞ ለማየት አያሰለችም።

ያንገላታኝ ነገር ሌላ ነው። ሰብታይትሉ ሲኖር ሁሉም ይገባኛል፤ ሲጠፋ ጠንቅቄ የማውቃቸው ቃላት ሳይቀሩ ያመልጡኛል። እኛ የተጻፈውን ፊደል ሁሉ መጥራት ለምደናል፤ ተዋናዮቹ ግን ግማሹን ይውጡታል። «ዋት አር ዩ ጎይንግ ቱ ዱ» ብለን የተማርነው «ዋቸ ገነ ዱ» ሆኖ ያልፋል።

ከሁሉም የባሰብኝ «ካን» እና «ካንት» ነበር። ሰውዬው እችላለሁ ይበል አልችልም ካልለየሁ ታሪኩ ይገለበጥብኛል። አሜሪካኖች መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ብዙ ጊዜ አያሰሟትም፤ እኔ ደግሞ እሷን ነበር የምጠብቀው። መለያው ያለው አናባቢው ላይ ነው። አዎንታዊው በዓረፍተ ነገር መሃል ሲገባ ራብዑ ወደ ሳድስ ይጠጋና «አይ ክን ዱ ኢት» ይባላል። አሉታዊው ግን ሙሉ ሆኖ፣ ጠበቅ ተደርጎ ነው የሚነገረው። እንግዲህ ከግሥ በፊት ጥርት ያለ «ካን» ከሰማችሁ «አልችልም» እንዳይሆን ጠርጥሩ። «የስ፣ አይ ካን» ተብሎ ሲመለስ ወይም ሆን ተብሎ አጽንኦት ሲሰጠው ግን አዎንታዊውም ሙሉ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ደንቡ አይሠራም።

ይህን ያስተማረኝ ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ ፋይሉ ካላችሁ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዳታ ቆጥቦ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ሺፍትን ይዛችሁ የግራውን ቀስት ስትጫኑ 3 ሰከንድ ወደኋላ ይመለሳል። የቪ ፊደል ቁልፍ ሰብታይትሉን ያጠፋል፣ ያበራል። እኔ ያልገባኝን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ እሰማና የሰማሁትን በወረቀት እጽፋለሁ። ሰብታይትሉን የማበራው ከዚያ በኋላ ነው። ፍጥነቱን መቀነስም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። የተዋጠው ድምፅ ሲዘገይ ይረዝማል እንጂ ተመልሶ አይመጣም።

የአማርኛ ሰብታይትል ያለውን ፊልም ለመዝናናት እዩት። ለእንግሊዝኛ ግን አይሆንም፤ በዚህ አልደራደርም። ተመራማሪዎቹ ሆልገር ሚተረር እና ጄምስ ማክዊን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ኔዘርላንዳውያን የማያውቁትን የእንግሊዝኛ ቅላጼ በቪዲዮ እንዲሰሙ አድርገው ነበር። የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ጆሯቸውን ሲያግዘው በራሳቸው ቋንቋ በደች የተጻፈው ሰብታይትል ጎድቶታል። ዓይን የራስን ቋንቋ ካገኘ ጆሮ ሥራውን ይተዋል ብዬ ነው የማምነው።

የቃላት ደብተር ያዙ የሚሉ አሉ። እኔ አልያዝኩም፤ ቃሉ አስፈላጊ ከሆነ በሌላ ክፍል ተመልሶ ይመጣል። ፈተና የምትወስዱ ከሆነ ግን እኔን አትስሙኝ፣ ያዙ።

አሁንም የስኮትላንድ ሰዎች ሲያወሩ ያለ ሰብታይትል አልችልም። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ መናገሬ ነው፤ ከመስማቴ ብዙ ወደኋላ ቀርቷል። ሲያወሩኝ ይገባኛል፣ መልሱ ግን አፌ ላይ ቶሎ አይመጣም። ፊልም ማየት ብቻውን አያናግርም። ስለዚህ አሁን አንዱ ገጸ ባሕርይ ጥያቄ ሲጠይቅ ፊልሙን አቆምና ከተዋናዩ በፊት እኔ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ። መልሴ ከእሱ ባይገጥምም ግድ የለኝም፤ የምፈልገው በአማርኛ ሳላስብ አፌን መክፈት ነው።