ኪራይ እንከፍል የነበረው ለተሰበረ ወንበር ነበር

የመሥሪያ ቤታችንን የንብረትና ጠቅላላ አገልግሎት ሥራ ስረከብ መጀመሪያ የደረሰኝ «ተጨማሪ ፎቅ ይከራይልን» የሚል ደብዳቤ ነበር። ሁለት የሥራ ክፍሎች ጠቦናል ብለው ፈርመውበታል። ወደ ጨረታ ከመግባቴ በፊት ያለንን ቦታ ዞሬ ልየው አልኩ።

ለሦስት ሳምንት፣ ጠዋት አራት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ከፎቅ ፎቅ ዞርኩ። ሰው ያለበትን ጠረጴዛ፣ ኮት ብቻ የተሰቀለበትንና ባዶውን ለየብቻ ምልክት አደረግሁ። የሰዓት ፊርማውን ብቻ አይቼ ቢሆን ኖሮ እሳሳት ነበር፤ ጠዋት የፈረመው ሠራተኛ መስክ ወጥቶ ወይም ስብሰባ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በተጨናነቀ ቀን እንኳ ባዶ ጠረጴዛ ሞልቶ ነበር። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት ከ24 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች 17ቱ ዋና መሥሪያ ቤታቸውን የሚጠቀሙበት ከአቅሙ 25 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነበር።

ታዲያ «ጠበበን» ያሉት ሰዎች ዋሽተዋል? አልዋሹም። የጠበባቸው ቦታውን ዕቃ ስለያዘው ነው። በኮሪደሩ መጨረሻ ቁልፉ የጠፋ ክፍል ነበር። ሰብረን ስንገባ እግር የሌላቸው ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ከወንበሮቹ ሥር አቧራ የጠጡ ቦክስ ፋይሎች፣ ከኋላ የማይሠሩ ፕሪንተሮች። ለዚህ ሁሉ በካሬ ሜትር እየተሰላ ኪራይ ይከፈል ነበር። ይህን ሳይ በእውነት ተናደድኩ፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነው።

የማያገለግል ንብረት እንዲወገድ የሚወስነው ኮሚቴ እንዲሰበሰብ ደጋግሜ ጻፍኩ። ወረቀቱ ግን ከወንበሩ ይከብዳል። የመዝገብ ቤቷን ባለሙያ ፋይሎቹን ወደ ጠባብ ክፍል እናዛውር ስላቸው እምቢ አሉ። «ክፍሉ ማነሱ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ፋይል ሲጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሣጥን ቁጥር ተሰጥቶት፣ በዝርዝር ተፈርሞ ካልሆነ እንዳይነቃነቅ አደረግን። ተጠብቆ መቆየት ያለበት ጊዜ ያለፈውን ፋይልም በመዛግብት አዋጁና መመሪያው መሠረት ለይተን ለውሳኔ አቀረብን። ሥራው ዘገየ፤ ግን አንድም ፋይል አልጠፋብንም።

ቀጥሎ ሜትር ይዘን የተከራየነውን ለካን። ውሉ ላይ የሰፈረው ስፋት ደረጃውን፣ ኮሪደሩንና የጋራ መጸዳጃውን ይጨምራል፤ ጠረጴዛ የሚገባበት ቦታ ከዚያ በጣም ያንሳል። እንዲህ መዋዋሉ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ሁለት ሕንፃ ሲነጻጸር ዋጋው መካፈል ያለበት ሥራ ለሚሠራበት ቦታ ነው። መብራት፣ ውኃ፣ ጥበቃና ጽዳትም ተደምረው ለሠራተኛው ቁጥር ሲካፈሉ፣ ኪራዩ ርካሽ የመሰለን ሕንፃ ውድ ሆኖ ተገኘ።

ያንን ሕንፃ ለመልቀቅ ስንወስን ግን ትልቁን ስሕተት ሠራሁ። ውሉ ከማለቁ በፊት በጽሑፍ ማሳወቂያ የሚሰጥበት ቀን ነበረው፤ እኔ የያዝኩት ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ብቻ ነው። ቀኑ አለፈ፣ ውሉ ታደሰ፣ ለባዶ ክፍል ከፈልን። አሁን የእያንዳንዱ ውል የማሳወቂያ ቀን ትልቅ ሆኖ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል፤ ሥራውን ስለቅ የሚተካኝ ሰውም እንዲያገኘው መዝገብ ላይ አስገብቼዋለሁ። ፓርቲሽን ለማንሳትና ቀለም ለመቀባት የሚወጣውንም ከመልቀቁ በፊት አሰላለሁ፤ አንዳንዴ የዓመቱን ቁጠባ ይበላዋል።

ተዘግቶ የነበረው ክፍል ዛሬ ደብዳቤውን የጻፉት ሁለቱ የሥራ ክፍሎች ይሠሩበታል። የኃላፊዎቹን ቢሮ ግን ገና አልነካሁትም። ቆጠራው ላይ ከሁሉ ሰፊዎቹና ብዙ ጊዜ ባዶዎቹ እነሱ ናቸው፤ በሚቀጥለው የማኔጅመንት ስብሰባ ወረቀቱን ይዤ እቀርባለሁ።