ከሴት ተማሪዎቻችን ጋር እስከ ጢያ

የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መርሐ ግብር ሲወጣ የካቲትና መጋቢት ላይ አንድም ክፍት ሳምንት አልተገኘም። የሴቶች ትምህርት ቤት ነንና ማርች 8 እንዲሁ አይታለፍም፤ ከእሱ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ የዓድዋ በዓል አለ። ሚኒ ሚዲያዎቹ ለሁለቱም ግጥምና ድራማ ሲያጠኑ ሰንብተዋል። የስፖርት ክበቡ «ቅድሚያ ለሴቶች» ለሚባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ የተመዘገቡትን ልጆች በጠዋት ሜዳውን ያስዞራቸዋል። ቀይ መስቀሎቹ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና አላቸው፤ የሚድ ፈተናውም በመሃል ይገባል። የእኔ ክበብ የታሪክና ቅርስ ስለሆነ ድርሻችን ጉዞ ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ጉዞ የሚባለው ነገር የዓመት መጨረሻ ሽርሽር ሆኖ መቅረቱ ያበሳጨኛል። ውሃ ዳር ተሂዶ፣ ተጨፍሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመጣል። ጭፈራውን አልጠላም፤ ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ካልዘፈኑ እኔም ቅር ይለኛል። ግን ስልክ ይዞ ወርዶ ስልክ ይዞ ለመመለስ የወላጅ ፈቃድ መሰብሰብ አያስፈልግም። ስለዚህ ዘንድሮ ለክበቡ አባላት አንድ ግዴታ ሰጠሁ፦ በየቦታው እያንዳንዷ ተማሪ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ፤ መልሱን ከነተናጋሪው ደብተሯ ላይ ትጻፍ።

የአዲስ አበባዎቹን ጉብኝቶች ቶሎ ልለፋቸው። በየካቲት 2016 በተከፈተው የፒያሳው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ስለነበሩ የሰማነው ከሚታየው ያነሰ ነበር። ልጆቹ ደብተር ላይ የሰፈረው በአብዛኛው የእቴጌ ጣይቱ የመቀሌ ዘዴ ነው፤ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር የውሃ ምንጩን አስይዘው እንዴት እንዳስጨነቁት። ማርች 8 ላይ ደግሞ ሚኒ ሚዲያዎቹ ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አጭር ድራማ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተውን የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በዳይሬክተርነት የመሩት፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት የታሰሩት፣ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በምርጫ ፓርላማ የገቡት እሳቸው ናቸው። ድራማው ትንሽ ረዝሞብናል፤ ስንዱን ሆና የተጫወተችው የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን ከመድረኩ ለመውረድ ፈቃደኛ አልነበረችም።

ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ያየሁት ነገር ነው የቀረውን የጉዞ ሐሳብ የለወጠው። ሁሉም ወደ ድንቅነሽ ተሽቀዳድሞ ሄደ፤ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ አንድ ቡድን ሰላም ጋ ቆሞ ቀረ። ሰላም እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ያገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ስትሞት ገና ሦስት ዓመት ገደማ የነበረች ሕፃን ናት። አንዷ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ሴት መሆኗን በምን አወቁ? ገና ሕፃን አይደለች?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሕፃን አጥንት ሴትና ወንድ መለየት አስቸጋሪ ነውና። መልሱ ጥርሷ ውስጥ ነው። ድዷን ሳያልፉ መንጋጋዋ ውስጥ የቀሩትን ቋሚ ጥርሶች በሲቲ ስካን አይተው፣ መጠናቸው ከዝርያዋ ሴቶች ጥርስ ጋር ስለተቀራረበ ነው ሴት ናት ያሉት። ይህን ከሰሙ በኋላ በየሄድንበት «እዚህስ ሴቶቹ የት አሉ?» ማለት የክበቡ ልማድ ሆነ። እኔ ያዘዝኩት ጥያቄ አልነበረም።

ትልቁ ጉዞ የቡታጅራን መንገድ ይዞ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ ነበር። ሦስቱም በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናሉ። ዳይሬክተራችን አምሽቶ መመለስን አጥብቀው ስለከለከሉ ቀኑ የተለካ ነው። ሌላው ራስ ምታት ምሳው ነበር። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኝተዋል። ከክርስቲያኖቹ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾሙ አሉ፤ ሙስሊሞቹ ውሃም አይቀምሱም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከቤት ዳቦ በሽሮ ቋጥረው መጥተዋል። የምግብ ኮሚቴው በመጨረሻ ቆሎ፣ ሙዝና ቴምር ገዝቶ፣ ሁሉም በሰዓቷ ትብላ ብሎ ተገላገለ።

ጠዋት 12:30 ላይ ሁለት ቅጥቅጥ ሞልተን ከግቢ ወጣን። ዓለም ገና ደርሰን ወደ ግራ ስንታጠፍ ፉሪና ወጨጫ ከኋላችን ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው፤ የታጨደ ማሳ፣ የጭድ ክምር፣ አልፎ አልፎ የባሕር ዛፍ ረድፍ። የኋላ ወንበሮቹ ዘፈን የጀመሩት ከተማውን ሳንለቅ ነው። የእኛ ሹፌር ዝም ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ልጆቹ «ጋሼ፣ ቴፑን ይክፈቱልን» ሲሏቸው፣ «እናንተ እያላችሁ ቴፕ ምን ያደርጋል?» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ላይኛው አዋሽ ዳር። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ጌራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ዣን ሻቫዮን የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን ቁፋሮ ጀመረ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) አቅራቢያው ካለው ባልጪት ከተባለ ሥፍራ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙዚየሙ የሣር ክዳን ቤት ቅርፅ ያላቸው ክብ ክብ ቤቶች ነው። ከውጭ ሲያዩት «ይኸው ነው?» ያሉ ነበሩ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ አውቶቡስ ግቡ ስል ለመኑኝ።

ያስቆያቸው ድንጋይ ነው። አስጎብኚው የእጅ መጥረቢያዎቹን እያሳዩ ኦልዶዋን ከሚባለው ከጥንቱ ቀላል የድንጋይ መሣሪያ አሠራር እስከ አሹሊያን፣ ማለትም እስከ እጅ መጥረቢያው ዘመን፣ ከዚያም በኋላ የመጣው እንዴት እንደሚለይ ሲያስረዱ፣ ልጆቹ በየቤቱ እየዞሩ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ተከራከሩ። ውጭ መሬቱ ላይ የተበተነ ባልጩት ሞልቷል። አንዷ አንሥታ በፀሐይ ስታየው ስስ ጠርዙ ብርሃን ያሳልፋል፤ መሃሉ ጥቁር ነው፤ በአውራ ጣቷ ልትዳስሰው ስትል «ይቆርጥሻል!» አሏት አስጎብኚው። ኪሷ ልትከተው እንደነበር ፊቷ ይናገር ስለነበር፣ ሳትጠየቅ ቦታው መለሰችው። ከዚህ ቦታ ጠጠርም አይወሰድም፤ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ራሱ መረጃ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ስንቴ እንደተናገርኩት እግዜር ይወቀው፤ የሰሙኝ ግን ያን ዕለት ነው።

ከዚያ እዚያው መልካ ቁንጡሬ ወዳለው ጎምቦሬ ወደሚባለው የቁፋሮ ሥፍራ ሄድን። ከጣሪያ ሥር የተቆፈረው ወለል ላይ ድንጋዩም አጥንቱም በተገኘበት ተትቷል። በዚሁ ጎምቦሬ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል፤ የአዋቂ አለ፣ የጉማሬ አለ፣ የትንንሽ ልጆችም አለ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አዋቂዎቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ሥጋ ሲበልቱ ልጆቹ እዚያው አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው። «እነዚህን ልጆች ማን ነበር የሚይዛቸው?» አለች አንዷ፤ ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ማን ይሆናል፣ ታላቅ እኅታቸው ናታ» ስትል ሁሉም ሳቀ። የሳቁት በምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ከመሃላቸው ከትምህርት በኋላ ታናናሾቿን የማትይዝ ጥቂት ናት። አስጎብኚው ግን ሳይስቁ፣ ዱካው ልጅ መሆኑን እንጂ ማን እንደያዘው አይናገርም አሉ። የታሪክ መምህር ሊመኘው የሚችለው መልስ ይህ ነው።

ጋርባ በተባለው ሥፍራ ስለተገኘው የሕፃን መንጋጋም ነገሩን። እ.ኤ.አ. በ1981 ተገኝቶ ለዓመታት የየትኛው ዝርያ እንደሆነ ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ2023 የወጣ ጥናት የሆሞ ኢሬክተስ ነው፣ ዕድሜውም ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው አለ። እዚህ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ስለሆነ ብርድ ነው፤ በዚያ ዘመን እዚህ ወጥቶ መኖር ቀላል አልነበረም። ጠዋት ሹራብ ረስተው ሲንቀጠቀጡ የነበሩት ለማመን አልተቸገሩም። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጣሊያኑን የጥናት ቡድን የመሩት ማርጌሪታ ሙሲ የተባሉ ሴት መሆናቸውን ስነግራቸው ስሙን ፊደል በፊደል አስደገሙኝ።

አዳዲ ማርያም ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ የሚኬድባት ናት፤ አቧራው ለብቻው ታሪክ ነው። ከአንድ አለት የተፈለፈለች፣ በትውፊት ለንጉሥ ላሊበላ የምትሰጥ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዙሪያዋ ተቆፍሮ ወደ ታች ስለሚወረድ እስኪጠጓት ድረስ መኖሯም አያስታውቅም። እዚህ ላይ ለሴቶች ትምህርት ቤት ብቻ የሚመጣ ጉዳይ አለ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ እንደማትገባ የታወቀ ነው፤ ሙስሊም ተማሪዎችም አሉን። ባልደረባዬና እኔ አስቀድመን ተነጋግረን፣ ውጭ መቆየት የምትፈልግ ዛፉ ሥር ትቀመጥ፣ ማንም ማንንም ለምን ብላ እንዳትጠይቅ አልን። ብዙ ልጆች ተቀመጡ፤ ማን በምን ምክንያት እንደተቀመጠች ሳይለይ። ሌሎቹ ነጠላቸውን መስቀልያ ለብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ውስጡ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው፤ በግድግዳው ላይ የመጥረቢያው ምልክት አሁንም በእጅ ይዳሰሳል። ከዛፉ ሥር ያሉት ይህን ጊዜ የግቢውን ንድፍ በደብተራቸው ሠርተው ጠበቁን፤ ውስጡን ካዩት ንድፍ ይሻል ነበር ብል ማዳላት አይሆንብኝም።

ጢያ ስንደርስ ቀኑ ከ9 ሰዓት አልፎ ስለነበር ከጾመኞቹ ግማሾቹ ሙዛቸውን እየላጡ ወረዱ። በአጥር ውስጥ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ላይ ምስል ተቀርጿል። በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ጎልቶ የሚታየው ጎራዴ ነው፤ አንዱ ድንጋይ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ከዚያ የበዛ። አስጎብኚው የጎራዴው ብዛት ሟቹ የገደለው ጠላት ቁጥር ነው የሚል አባባል እንዳለ ነገሩን።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ የወንድ ነዋ። ሴቶቹ የት ተቀበሩ?»

ሰውየው ፈገግ ብለው ወደ ሌሎቹ ድንጋዮች ወሰዱን። ክብ ክብ ምልክት ያለበትን እያሳዩ፣ ይህ የጡት ምልክት ነው፣ የሴት መቃብር ነው የሚሉ አሉ አሉን። ከዚያ የቁፋሮውን ጉዳይ አነሡ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር አግኝተዋል፤ የወንድም የሴትም አፅም፣ ሲሞቱ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው፣ እንደ ፅንስ ተጣጥፈው የተቀበሩ። ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከ12ኛ ክፍሎቹ አንዷ፣ «ትንሿ እኔን ታክላለች ማለት ነው» አለችና ደብተሯ ላይ ጻፈች። በጦርነት ነው? በወረርሽኝ ነው? እያሉ ብዙ ጠየቋቸው። እሳቸው የተባለውን የተባለ፣ የተገኘውን የተገኘ እያሉ ለይተው መለሱላቸው።

የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ወረደብን፤ ሩጫ ወደ አውቶቡስ። ጭቃው ለሹፌራችን ለጋሼ የአውቶቡስ ምንጣፍ አልራራም፤ እሳቸውም ለእኛ አልራሩም፤ ጫማ እየተራገፈ ነው የተገባው።

ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። የወላጆች ስልክ ይጮኻል፤ እኔም «ደርሰናል፣ ደርሰናል» እላለሁ። 12:40 ሲሆን ከኋላ አንዷ «አዛን አለ!» ብላ ጮኸች። ቴምሩ ከፊት እስከ ኋላ ዞረ፤ ክርስቲያኖቹም የጾም ነው እያሉ ይቀበሉ ነበር። ጋሼም ሁለት ፍሬ ወሰዱ። ግቢ የገባነው ዳይሬክተራችን በር ላይ ቆመው ነው፤ ምን እንዳሉኝ እዚህ አልጽፈውም።

ለሚመጣው ዓመት ያቀረብኩት ሐሳብ ሦስቱን ቦታ በሁለት ቀን መክፈል ነው፤ መልካ ቁንጡሬን ለብቻው፣ ባልጪትንም ጨምሮ። የበጀት ጉዳይ ነውና ይታያል ተብሏል።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው የጉዞውን ዘገባ ካሰማ በኋላ ጥያቄና መልስ ነበር፤ ሽልማቱ ደብተር ነው። ጢያ ላይ ምስል ያልተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ስንት ናቸው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ያልሄዱት 9ኛ ክፍሎች ከደረጃው ላይ «አራት!» ብለው ቀደሙ። የሄዱት ተቃወሙ፤ ዘገባው ላይ 36 እና 32 ስለተነገረ ቀንሰው ነው ያገኙት፣ አይቆጠርም ብለው። ዳኛዋ የሚኒ ሚዲያ ኃላፊዋ ነበረች፤ መቀነስም ይፈቀዳል ብላ ደብተሩን ለ9ኛ ክፍሎች ሰጠች።