ለጋሼ የጸለይኩባቸው አራት ዓመታት

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለች ጠባብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ማመልከቻ የሚያስጽፉና የትምህርት ማስረጃ የሚያባዙ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ አዛውንት ሦስት ወፍራም ደብተር በፌስታል ይዘው መጡና «ይህን ሁሉ በኮምፒውተር ብትጽፊልኝ ስንት ታስከፍዪኛለሽ?» አሉኝ። የሕይወት ታሪካቸው ነበር። ስማቸው እንዲነሳ ስላልፈቀዱ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ አዩና «እኔ እግዚአብሔር የለም ከሚሉት ነኝ፤ አስቀድሜ ልንገርሽ፣ እንዳትደክሚ» አሉኝ። በከተማችን ይህን በግልጽ የሚናገር ሰው ብዙ አያጋጥምም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ የማያውቀው እንኳ እንዴት ነህ ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጋሼ ግን «ደህና ነኝ» ይላሉ፣ በቃ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከወጡት ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። የውይይት ክበቡን፣ በሌሊት በፋኖስ የሚነበበውን ሌኒን፣ ሁሉንም ጽፈውታል።

የዚያን ዕለት ማታ የጸሎት ደብተሬን ከፍቼ የማያምኑ ወዳጆቼን ስም በምጽፍበት ገጽ ላይ የእሳቸውን ከሁሉ በላይ ጻፍኩ። ከዚያም ስምንት ወር ሙሉ «ጌታ ሆይ፣ ዓይናቸውን ክፈትላቸው» እያልኩ ጸለይኩ። ከዚያ ሌላ ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ ስለ ሰውየው የማውቀው አለማመናቸውን ብቻ ነበርና።

በእነዚያ ወራት የሠራኋቸውን ስህተቶች ሳልደብቅ ልናገር። ጽፌ በማስረክባቸው ወረቀቶች መካከል የወንጌል ትራክት እጨምር ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ሳልጠይቃቸው ከአጥቢያችን አንድ ወንጌላዊ ጠራሁ። አንድ ሰዓት ተከራከሩ። ወንጌላዊው ስለ ፍጥረት ሥርዓት አስረዳ፤ ጋሼ ስለ ሕፃናት ሞት ጠየቁ። እሱ የረታ መስሎት ደስ ብሎት ሄደ። ጋሼ ግን ለሦስት ሳምንት ደጄን አልረገጡም።

ይህንን ለጸሎት ቡድናችን መሪ ለእትዬ ስነግራቸው የሞኒካን ታሪክ አጫወቱኝ። ሞኒካ ልጇ አውግስጢኖስ፣ ኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው፣ ማኒ በሚባል ሰው የኑፋቄ ትምህርት በጠፋበት ዘመን አንድ ጳጳስ ዘንድ ሄዳ «ልጄን አነጋግርልኝ፣ ተከራከርልኝ» ብላ ለመነችው። ጳጳሱ እምቢ አለ። እሱ ራሱ በልጅነቱ በዚያው ትምህርት ውስጥ አልፎ ነበርና «ተዪው፤ አንቺ ጸልዪለት፤ እያነበበ ራሱ ይደርስበታል» አላት። አውግስጢኖስ በ387 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ እስኪጠመቅ ድረስ ብዙ ዓመት አለፈ። እኔን የያዘኝ የእናቲቱ እንባ ሳይሆን የጳጳሱ እምቢታ ነው። ክርክሩን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ቢሆንም አልተከራከረም።

ከዚያ በኋላ እየተራመድኩ መጸለይ ጀመርኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለገሃር ከታክሲ እወርድና ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ እይዛለሁ። እስከ አንበሳው ሐውልት ለቤተሰቤ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ሳልፍ ለታመሙት፣ ትግላችን ሐውልት ጋ ስደርስ ለጋሼ። ቀዩን ኮከብ ሳይ ስማቸው ይመጣልኝ ስለነበር ነው። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፌ ማዘጋጃ ቤት ስደርስ እመለሳለሁ። ቦታ ለስም መስጠት ጠቅሞኛል፤ ተቀምጬ ስጸልይ ሐሳቤ ይበተን የነበረው ተሰበሰበልኝ።

ሁለተኛውን ደብተር ስጽፍ ግን አንድ ገጽ ላይ እጄ ቆመ። ታናሽ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ተወስዶ አልተመለሰም። እናታቸው ሌሊት ሌሊት ነጠላቸውን ተከናንበው ይሰግዱ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ ወደ እስጢፋኖስ ይሄዱ ነበር። ጋሼ የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «የጉልበቷ ቆዳ እንደ ተረከዝ ጠንክሮ ነበር። ወንድሜ አልተመለሰም።» ከዚያ ሁለት መስመር ባዶ ትተው ስለ ሌላ ነገር ቀጥለዋል።

በማግስቱ ቸርችልን ስወጣ ትግላችን ሐውልት ፊት አፈርኩ። እሳቸውን ለማስታወስ የመረጥኩት ምልክት ወንድማቸውን የበላው መንግሥት ያቆመው ነው። ቦታቸውን ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ወደ መድፉ አጠገብ አዛወርኩት። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ ስም እየጠራሁ ሰውየውን አለማየቴን ያወቅኩበት ቀን ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ከዚህ ይከፋል። ገጹን ለጸሎት ቡድናችን በጸሎት ርዕስ መልክ ተናገርኩት። ሁሉም በእንባ ጸለየ፤ እኔም መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ሰውየው ለጽሕፈት አደራ የሰጡኝን እኔ ለአሥራ ሁለት ሰው አከፋፈልኩት። በምልጃ ስም የሰው ምስጢር ማውጣት በየአጥቢያችን የተለመደ ነው፤ ሐሜት መሆኑን ግን ማናችንም አንጠራጠር። ዛሬ በቡድን ስንጸልይ ስም ብቻ ነው የምናገረው፤ የቀረውን ጌታ ያውቀዋል።

ጥፋቱን ለጋሼ ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በዚያው ደግሞ ሌላ ጨመርኩበት፤ «በወንድምዎ ምክንያት ልብዎ ስለ ቆሰለ ነው እንጂ...» ብዬ ጀመርኩ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አስቤ ነው የተውኩት፤ አዝኜ አይደለም። ሐዘኔ የራሱ ነው፣ ሐሳቤም የራሱ ነው። አንዱን በአንዱ አትተርጉሚብኝ።»

ትክክል ነበሩ። የማያምን ሰው ሁሉ የታመመ አይደለም። እኛ አማኞች አለማመንን ቁስል እያልን ስንጠራው ሰውየው የተናገረውን ሳንሰማ እናልፋለን። ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ላይ መልስ ስጡ የሚለው «ለሚጠይቁአችሁ» ነው፤ እሱንም «በየዋህነትና በፍርሃት» ይላል። ያልተጠየቅኩትን ስመልስ ነበር የከረምኩት።

በዚያ ቀን ከአፌ የወጣው ጥያቄ ከመጀመሪያው ልጠይቅ ይገባኝ የነበረው ነው። «ጋሼ፣ መጸለዬን አልተውም። ግን ስለ ምን ልጸልይልዎት?»

ብዙ ዝም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና «ለዓይኔ። ግራው በሞራ ተሸፍኗል። መጽሐፌን ራሴ ሳላነበው እንዳልሞት» አሉ።

ስምንት ወር «ዓይናቸውን ክፈት» ስል ቆይቼ፣ ዓይናቸው እየጨለመ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ለዓይናቸው ጸለይኩ፤ ጸልዬም አልተቀመጥኩም። ቀጠሮ አስያዝኩ፤ በቀዶ ሕክምናው ዕለት ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ዋልኩ። ሊወስዷቸው ሲመጡ «እዚሁ ልጸልይ?» አልኳቸው። «በአጭሩ» አሉ። እጃቸውን ይዤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጸለይኩ፤ ስብከት አልቀላቀልኩበትም። አሜን አላሉም። እጃቸውን ግን አልነጠቁኝም።

ፋሻው ከተነሳ በኋላ የጻፍኩትን ሁሉ ከመጀመሪያው አንብበው አረሙት። የወንድማቸው ገጽ ላይ ሲደርሱ ባዶውን ሁለት መስመር አሳዩኝና «እዚህ ላይ እናቴ ትል የነበረውን ጨምሪ፦ አምላኬ ሆይ፣ አደራህን። የእሷ ቃል ነው፤ የእኔ አይደለም፤ እንደሱ ተደርጎ ይጻፍ» አሉኝ። በትእምርተ ጥቅስ አስገባሁት።

ጋሼ አላመኑም። ይህን የምጽፈው በአራተኛው ዓመት ነው፤ ጳውሎስ በሮሜ 10፥1 ስለ ወገኖቹ «እንዲድኑ» እንደ ለመነ እኔም ስለ እሳቸው እለምናለሁ፤ ይህን ፍላጎቴንም አልደብቃቸውም። እሳቸውም ያውቃሉ። ስለ ኢየሱስ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል፤ አንዱን መልሴን አልተቀበሉትም፤ ሁለተኛውን «አስብበታለሁ» ብለዋል።

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ደብተር ይዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ ጠየቁኝ።

«ዛሬ ቸርችልን ወጣሽ?»

«ወጣሁ።»

«መድፉ ጋ ቆምሽ?»

«ቆምኩ ጋሼ።»

ወንበሩን ስበው ተቀመጡና ደብተሩን ገለጡት።