ተቀላቅሎ ያልተቀላቀለ

ከሰሞኑ ምክንያቱን በውል ያላወቅሁት ትካዜ ስለተጫነኝ፣ ዛሬም የጀመርሁትን ሥራ ትቼ በኮምፒውተር ስሌት በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሱትን ሞለኪውሎች ስመለከት አመሸሁ። ውሃ ውስጥ የለቀቅኋቸው፣ ተርት ቡታኖል የተባለው የአልኮል ዓይነት ሞለኪውሎች ናቸው። አንዱን ለይቼ በዓይኔ ተከተልሁት። የኦክስጅኑ ጫፍ ከአንድ የውሃ ሞለኪውል ጋር በሃይድሮጅን ቦንድ (በሞለኪውሎች መካከል ባለ ደካማ ትስስር) ይያያዝና ጥቂት ፒኮሰከንዶች፣ ማለትም ጥቂት የሰከንድ ትሪሊዮንኛዎች፣ ቆይቶ ያንን ለቆ ሌላውን ይይዛል፤ በወዲያ ወገን ያሉትን ሦስት የካርቦን ቅርንጫፎች ግን ውሃው የእርስ በርስ ትስስሩን እንደጠበቀ ዙሪያቸውን ይከባቸዋል።

መደበኛው ቡታኖልም የተሠራው ከዚሁ ከአራት ካርቦን፣ ከአሥር ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን ነው። ሆኖም ካርቦኖቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ በመሆናቸው በ100 ግራም ውሃ ውስጥ ከ7 እስከ 8 ግራም ያህል ከሟሟ በኋላ ትርፉ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ካርቦኖቹ በአንድ ማዕከል ዙሪያ የተሰባሰቡለት ተርት ቡታኖል ግን በማንኛውም መጠን ከውሃ ጋር ይቀላቀላል። የቅርጽ ልዩነት ብቻውን ይህን ያህል ማድረጉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ውሃ ዘይትን ይጠላል እየተባልን ነው ያደግነው። ነገር ግን እንደ ሚቴን ያለ፣ በዚህ ረገድ ጠባዩ ዘይትን የሚመስል ጋዝ በክፍል ሙቀት ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሙቀት ይለቀቃል፤ ይህም በመካከላቸው መሳሳብ እንዳለ ያሳያል፤ መሟሟቱን የሚያከብደው በዋናነት ኢንትሮፒ፣ ማለትም ሞለኪውሎች በልዩ ልዩ መንገድ የመደርደር ነፃነታቸው መለኪያ፣ ነው። ውሃው እንግዳውን ለማስተናገድ ሲል እንዳሻው የመገላበጥ ነፃነቱን በከፊል ያጣል። ስለዚህ ጥላቻ የሚለው ቃል ውሃን ያለ ጥፋቱ የሚወቅስ ይመስለኛል።

ይህን ሳሰላስል እ.ኤ.አ. በ2002 በኒውትሮን ጨረር የተጠናው የሜታኖልና (ሌላ ቀላል አልኮል ነው) የውሃ ድብልቅ ትዝ አለኝ። ለዓይን ጥርት ያለ አንድ ፈሳሽ ቢሆንም፣ በሞለኪውል ደረጃ ሙሉ በሙሉ አልተቀላቀለም፤ የሜታኖሎቹ የካርቦን ጫፎች እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ ውሃውም በየፊናው ተሰባስቦ ተገኝቷል። ይህ ለእኛ ለሞዴል ሠሪዎች ቀላል ፈተና አይደለም። ለአተሞቹ የምንሰጠው የኤሌክትሪክ ቻርጅ በጥቂቱ እንኳ ቢዛባ፣ በእውነተኛው ዓለም የሚቀላቀለው ተርት ቡታኖል በስሌታችን ውስጥ ተከማችቶ ከውሃው ሊለይ ይችላል። የተወሰነ መሰባሰብ ግን በእውነተኛውም ፈሳሽ ውስጥ አለ። እንግዲህ ጥቂት ሞለኪውሎች ተጠጋግተው ባየሁ ቁጥር፣ የተፈጥሮን ጠባይ ነው የማየው ወይስ የሞዴሌን ስህተት?