የቤዝመንቱ ባንኮኒ

ዛሬ በእጄ የሠራሁትን የድራፍት ቢራ መቅጃ ባንኮኒ የመጨረሻ ቫርኒሽ ቀባሁት። ሽታው ከቤዝመንት ወደ ላይ እየወጣ ባለቤቴን ስላስመረራት መስኮት ከፍቼ፣ ማራገቢያ ደቅኜ፣ እስኪደርቅ ድረስ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

የሚያየው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ለምን ተሠርቶ ያለቀውን አልገዛህም?» እውነት ነው፣ እዚህ ሜሪላንድ የድራፍት ማቀዝቀዣ እንደ ልብ ይሸጣል። ከወጪዬ ጋር ቢተያይ ብዙም አላተረፍኩም። ምናልባትም ከስሬያለሁ፤ ደረሰኞቹን መደመር አልፈለግኩም። ግን ሱቅ ያለው ነጭ ወይም ጥቁር ሳጥን ነው። እኔ የፈለግኩት ክርን የሚደገፍበት ባንኮኒ ነው። አዲስ አበባ ጃምቦ ይዘን ቆመን የምናወጋበት ዓይነት።

መነሻው ያገለገለ ዲፕ ፍሪዘር ነው፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተው። እንዲሁ ከተዉት ከዜሮ በታች 18 ድረስ ወርዶ ቢራውን በረዶ ያደርገዋል። ስለዚህ በፍሪዘሩና በሶኬቱ መካከል የሙቀት መቆጣጠሪያ ይገባል። 3 ዲግሪ ሲደርስ መብራቱን ያጠፋበታል፣ ሲሞቅ መልሶ ይሰጠዋል። የመቆጣጠሪያው ሽቦ ጫፍ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል፣ ሞተሩም ያለ ዕረፍት ሲነሳና ሲጠፋ ይውላል። እኔ ከኬጉ፣ ማለትም ከቢራው በርሜል፣ ጎን ለጥፌ ከላዩ ስፖንጅ አልብሼዋለሁ።

የፍሪዘሩን ግድግዳ መብሳት ግን አይሞከርም። በውስጡ የማቀዝቀዣው ጋዝ ቱቦ ተጠማዞ ያልፋል፤ እሱን ከነኩት ፍሪዘሩ አለቀለት። ስለዚህ ክዳኑ ይነሳና በክዳኑና በአካሉ መካከል የእንጨት ፍሬም ይገባል። የቢራው ቧንቧዎች የሚወጡት በዚያ በኩል ነው። ፍሬሙ የራሱ ጣጣ አለው፤ አፉን ከፍ ያደርገዋል። ትልቁ የአሜሪካ ኬግ ሞልቶ 73 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያንን ደረቴ ድረስ አንስቼ ወደ ውስጥ ለማውረድ ወገቤን አልሰጥም። 20 ሊትር ገደማ የሚይዘው ትንሹ ይበቃናል።

ከሥራው ሁሉ የጣመኝ እንጨቱ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ አገር ቤት ሳሉ አናጢ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ መላጊያ ሲያዩ ግን እጃቸው አያርፍላቸውም። እንጨት ልገዛ ስሄድ ይዣቸው ሄድኩ። ኦክ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ሁለት ዓይነት አለ፤ ቀይና ነጭ። ቀዩ ይረክሳል። እኔም ወደ ርካሹ አዘነበልኩ።

«ቆይ፣ አትቸኩል ልጄ» አሉኝ። ሻጩን ለምነው ከሁለቱም ጣት የምታክል ቁራጭ ተቀበሉ። ቤት ስንደርስ በብርጭቆ የሳሙና ውሃ አስመጡ። የቀዩን አንድ ጫፍ ውሃው ውስጥ ነክረው በሌላው ጫፍ እፍ አሉበት። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ! ያ የሚያህል ጠንካራ እንጨት ለካ ውስጡ እንደ ስትሮ ነው። ነጩን ሞከሩት፤ ጉንጫቸው እስኪወጠር ቢነፉ ወይ ፍንክች።

«ይኸው። ቢራ የሚደፋበት ባንኮኒ በዚህ በቀዩ ይሠራል?»

የነጩ ኦክ ቀዳዳዎች ዛፉ በቁሙ ሳለ በራሳቸው ይደፈናሉ። የወይንና የውስኪ በርሜል በእሱ የሚሠራውም ስለማያፈስ ነው። ነጩን ገዛን። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ «ዋንዛ ቢሆን ኖሮ» ማለታቸውን አልተዉም።

ሳንቃዎቹን በኮላ አጋጥመን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ ክዳኑ ላይ ልናስረው ስንል ደግሞ ሌላ ትምህርት። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። አገር ቤት የሚሰፋው በክረምት ዝናብ ነው። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ በጋው ወበቅ ነው፣ ክረምቱን ደግሞ ማሞቂያው ቤቱን ያደርቀዋል። «ብሎኑን አታስጨንቀው» አሉ ጋሼ። «ቀዳዳውን ሞላላ አድርገው፣ እንጨቱ ወዲያ ወዲህ ይበልበት። አለዚያ ይሰነጠቃል።» ጎኑንም በእንጨት ላለብሰው ፈልጌ ነበር። የዚህ ፍሪዘር ሙቀት የሚወጣው ግን በጎኖቹ ነው። ስለዚህ ከቆርቆሮው ራቅ አድርጌ፣ ከታችና ከላይ አየር የሚገባበት ትቼ አለበስኩት።

አሁን ወደ አረፋው። ቢራውን ከኬጉ ወደ ቧንቧው የሚገፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው። ጓደኞቼ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሲቀዱ ግማሹ አረፋ ከሆነ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ጋዙን ቀንሰው!» ይላሉ። ነገሩ የሚመስለውን አይደለም። ቢራው ውስጥ ያለው ጋዝ ተጨምቆ የሚቆየው በግፊቱ ነው። ግፊቱን ስትቀንሰው ጋዙ ቢራውን ወደ ቧንቧው በሚወስደው ጎማ ውስጥ እያለ መውጣት ይጀምራል፣ አረፋው ጭራሽ ይብሳል። በ3 ዲግሪ ቅዝቃዜ 12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ለብዙው ቢራ ልክ ነው። መፍትሔው ያለው ጎማው ላይ ነው፤ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቀጭን ጎማ፣ ከ3 ሜትር በላይ። ቢራው በዚያ ሁሉ መንገድ ሲፋተግ ጉልበቱ ይበርድና ረጋ ብሎ ይወርዳል። ከላይ ያለው ቧንቧ ከሞቀም ያው አረፋ ነው። ለዚያ ከአሮጌ ኮምፒውተር የነቀልኳት ትንሽ ማራገቢያ ውስጥ ሆና ቀዝቃዛውን አየር ወደ ላይ ትገፋለች።

ስለ ጋዙ አንድ ነገር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ የሚያፈስ ነገር ካለ ፍሪዘሩ ውስጥ ይተኛል። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ እፈትሻለሁ። ሳይናፈስ ጭንቅላቴን ወደ ውስጥ አላስገባም፣ ልጆችም እንዲከፍቱት አልፈቅድም።

ሁለት ቧንቧ ነው ያወጣሁለት። አንዱ ባዶውን ቆሟል። ትናንት የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ቡና ልትጠጡ ኑ ሊሉን መጥተው አዩት።

«ይሄኛው ምን ሊሆን ነው?»

«ገና አልወሰንኩም እትዬ።»

«ታዲያ ለጠላ አይሆንም?»

ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው አደርኩ። የኬጉ ቱቦ ከታች ነው የሚስበው፣ ስለዚህ አተላውን ይዞ ይደፈናል። ግን ከላይ እየተንሳፈፈ ጥሩውን የሚስብ ቱቦ ይሸጣል፤ አዝዣለሁ። ሕጉም ይፈቅዳል። ጂሚ ካርተር በ1978 እ.ኤ.አ. በፈረሙት ሕግ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት ለራሱ ፍጆታ በዓመት 200 ጋሎን ቢራ ያለ ፌዴራል ግብር መጥመቅ ይችላል። በእኛ ልኬት 757 ሊትር መሆኑ ነው።

ዛሬ ጠዋት ይህን ስነግራቸው ጋሼ «ማንን ልታሰክሩ ነው?» ብለው ሳቁ። እትዬ ግን ጌሾ የሚያስመጣላቸውን ሰው ለማግኘት ስልካቸውን አንስተው ነበር።