እንደተቆለፈ የተንደረደረው ጄት

የግል ጄት ሲነሳ ተከሰከሰ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተርን ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2014 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ቤድፎርድ ከተማ በሚገኘው ሃንስኮም አውሮፕላን ማረፊያ አደጋ የደረሰበት ገልፍስትሪም ጂ-4 ግን ሞተሮቹ ደህና ነበሩ። ከምሽቱ 3፡40 ገደማ ወደ አትላንቲክ ሲቲ ለመሄድ ተንደረደረ። አፍንጫው ቀና ሳይል 7,011 ጫማ ርዝመት ያለውን መንደርደሪያ ጨረሰ፣ ከዚያም ሌላ 1,850 ጫማ ያህል ሄዶ አንቴናና አጥር ጥሶ ሻውሺን ወንዝ ዳር ያለው ገደል ውስጥ ገብቶ ተቃጠለ። ሁለት አብራሪዎች፣ አንዲት አስተናጋጅና አራት ተሳፋሪዎች፣ ሰባቱም ሞቱ።

ጂ-4 ላይ ገስት ሎክ የሚባል መቆለፊያ አለ። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ነፋስ ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገውን የጅራት ክፍል)፣ ኤሌሮኖቹን (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድሉትን የክንፍ ክፍሎች) እና ራደሩን (አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የጅራት ክፍል) እያንገጫገጨ እንዳይሰብራቸው በመንጠቆ አንቆ ይይዛቸዋል። እጀታው ኮክፒት ውስጥ ከስሮትሎቹ (የሞተሩን ኃይል ከሚጨምሩትና ከሚቀንሱት እጀታዎች) አጠገብ ነው። መፈታት ያለበት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ምክንያቱም ሞተር ከተነሳ በኋላ የሃይድሮሊኩ ግፊት መቆጣጠሪያዎቹን ገፍቶ መንጠቆውን ሊያስጨንቀው ይችላል። ሳይፈታ ከተረሳ ትክክለኛው መፍትሔ አንድ ነው፦ ሁለቱንም ሞተር አጥፍቶ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ማስነሳት። ተሳፋሪ ተቀምጦ ሲጠብቅ ይህን ማድረግ ደስ አይልም፤ ግን አቋራጭ የለውም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርማሪዎች ስብርባሪው ውስጥ እጀታውን ሲያገኙት ወደፊት ተገፍቶ ነበር፤ ማለትም «ተፈትቷል» በሚለው ቦታ ላይ። የኤሌቬተሩ መንጠቆም አልያዘም ነበር። ስብርባሪውን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ገስት ሎክን እዚያው ከጥርጣሬ ያወጣው ነበር። የበረራ መረጃ መቅጃው ግን ሌላ ነገር አሳየ። አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነስቶ መሬት ላይ ሲሄድም ሆነ ሲንደረደር ኤሌቬተሩ የነበረበት ቦታ መቆለፊያው ሲይዘው ከሚቆምበት ቦታ ጋር ይገጥማል። እጀታ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በእጅም በግጭትም ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ ኮክፒት ውስጥ የተገኘ የማንኛውም ማብሪያና እጀታ አቀማመጥ ከመቅጃው ጋር ሳይመሳከር ማስረጃ አይሆንም።

ከመነሳት በፊት የመቆጣጠሪያ ፍተሻ ይደረጋል። መሪውን ሙሉ ወደፊት፣ ሙሉ ወደኋላ፣ ሙሉ ግራ፣ ሙሉ ቀኝ፤ ፔዳሎቹን በሁለቱም በኩል እስከ ጥግ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ቀን መቅጃው ላይ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ የለም። የድምፅ መቅጃውም ላይ ቼክሊስት ሲነበብ አይሰማም።

ከዚያም በኋላ ማስጠንቀቂያ አልጠፋም። ከመንደርደራቸው በፊት የራደሩ እንቅስቃሴ መገደቡን የሚናገር መልእክት በራ፤ አዩት፣ ተነጋገሩበት፣ ቀጠሉ። ስሮትሉ ሲገፋ አልሄድ አለ፤ የሞተሩ የግፊት ምጣኔ (ኃይሉን የሚያሳየው ቁጥር) 1.7 መድረስ ሲገባው 1.42 አካባቢ ቀረ። አውቶስሮትሉ (ስሮትሉን በራሱ የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት) ሲገባ ወደ 1.6 ወጣና እዚያው ቆመ። በ60 ኖት (በሰዓት ወደ 111 ኪሎ ሜትር) መሪው ወደ መካከለኛ ቦታው መምጣቱንና ኤሌቬተሩ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ የአምራቹ ደንብ ነው፤ ይህም ታለፈ።

ስሮትሉ ለምን ያን ያህል ተገፋ? ንድፉ መቆለፊያው እንደተያዘ ስሮትሉ ከ6 ዲግሪ በላይ እንዳይገፋ፣ አብራሪውም ገና ሲጀምር እንዲነቃ ነበር። መርማሪዎቹ በሥራ ላይ ያሉ ሌሎች ጂ-4ዎችን ሲፈትሹ ስሮትሉ ከታሰበው ሦስትና አራት እጥፍ ይገፋ ነበር። ያ ለመንደርደር የሚበቃ ኃይል ይሰጣል። አውሮፕላኑ የብቃት ማረጋገጫ ሲያገኝ ይህ ክፍል የታየው በንድፍ ሥዕል ላይ ነው፤ እውነተኛው አውሮፕላን ላይ ተቆልፎ፣ ስሮትሉ ተገፍቶ አልተሞከረም። ይህ እኔን ከሁሉም በላይ ያስቆጨኛል፤ ሙከራው አንድ ሰውና አንድ የቆመ አውሮፕላን ነበር የሚፈልገው።

አብራሪው «መቆለፊያው ተይዟል» ብሎ ደጋግሞ ሲናገር ድምፅ መቅጃው ይዞታል። ቦርዱ ባሰላው መሠረት፣ ይህን መጀመሪያ ከተናገረበት ቅጽበት አንስቶ እስከ 11 ሰከንድ ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ መነሳቱ በሥርዓቱ ቢቋረጥ አውሮፕላኑ አስፋልቱን ሳይለቅ ይቆም ነበር። ፍሬን የተያዘው ግን ከ10 ሰከንድ በኋላ ነው፤ ስሮትሉ የተሳበው ደግሞ ከዚያም 4 ሰከንድ ዘግይቶ። በመካከሉ አብራሪው ወደ መቆጣጠሪያዎቹ የሚሄደውን ሃይድሮሊክ የሚዘጋውን እጀታ ሳይስብ አልቀረም። ግፊቱ ሲወርድ መንጠቆው ይለቃል የሚል ዘዴ በአንዳንድ የገልፍስትሪም አብራሪዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። ነገር ግን በፍጥነት ላይ አየሩ ራሱ ኤሌቬተሩን ስለሚገፋው መንጠቆው አይለቅም። ፍጥነቱ እስከ 162 ኖት ወጥቶ ነበር፤ የጎማው ምልክት የሚጀምረው መንደርደሪያው ሊያልቅ ወደ 1,300 ጫማ ሲቀረው ነው።

ፍጥነት ላይ ሆኖ ችግሩን ለመፍታት መሞከር የሰው ተፈጥሮ ነው፤ እጅ ወደተጣበቀው ነገር ይሄዳል። ስልጠና መስበር ያለበት ይህንን ነው። መሪው ካልተንቀሳቀሰ ስሮትል መሳብ፣ ፍሬን መያዝ፣ ሪቨርስ (የሞተሩን ግፊት ወደፊት መልሶ ፍጥነት የሚቀንሰውን) ማውጣት፤ ምክንያቱ ከቆሙ በኋላ ይጣራል። አንዱ «አቁም!» ሲል ሌላው ሳይከራከር የሚያቆምበት ስምምነት ደግሞ ከመንደርደር በፊት በቃል መነገር አለበት። በተለይ ለዓመታት ሁለቱ ብቻ አብረው የሚበሩ አብራሪዎች ዘንድ ይህ ቶሎ ይረሳል፤ ሦስተኛ ዓይን የለማ።

ምርመራውን ከአንድ ምሽት ስህተት በላይ ያደረገው በአውሮፕላኑ ላይ የነበረው ሌላ መቅጃ ነው። ይህኛው ለጥገናና ለክትትል የሚያገለግል፣ የቀደሙ በረራዎችን የሚያከማች ነው። ከአደጋው በፊት በተደረጉት 175 መነሳቶች ውስጥ በ98 በመቶው ሙሉ የመቆጣጠሪያ ፍተሻ አልተደረገም። ፍተሻው ሁልጊዜ «ደህና ነው» ስለሚል ቀስ በቀስ ተተወ፤ ደህና ባልሆነበት ቀን የሚያየው ሰው አልነበረም። ባለቤቱ ይህን መረጃ በየወሩ ቢያስነብበው ኖሮ ልማዱ ገና ድሮ ይታወቅ ነበር።

ቦርዱ ለአደጋው ምክንያት ያደረገው ሦስት ነገር ነው፦ ፍተሻውን አለማድረግ፣ ቁልፉ እንደተያዘ ለመነሳት መሞከርና ማቋረጡን ማዘግየት። ቼክሊስት ያለመከተል ልማዱን፣ የገልፍስትሪምን ንድፍና የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርን ድክመት ደግሞ አባባሽ ብሏቸዋል። ከዚያ በቦርዱ ጥያቄ የአሜሪካ የንግድ አቪዬሽን ማኅበር የሌሎችን ኩባንያዎች መረጃ አስመረመረ። ከ143,756 በረራዎች ውስጥ ወደ 18 በመቶ በሚጠጋው ፍተሻው ጎደሎ ነበር ወይም ጭራሹኑ አልተደረገም። ጎደሎው ይበዛል፤ መሪውን ትንሽ ወዘወዝ አድርጎ ማለፍ ማለት ነው። ኤሌቬተሩ እስከ ጥግ መሄዱን የሚያሳየው መሪው እስከ ጥግ ሲሄድ ብቻ ነው፤ ረዳቱም በዚያው ሰዓት ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ጥሎ «ነፃ ነው» የሚለውን ቃል ድምፁን አውጥቶ መናገር አለበት።