አርባ ዓመት የጠበቀው ሸክላ

የካንትሪን ሙዚቃ ያወቅሁት፣ እንደ ብዙ እኩዮቼ፣ በኬኒ ሮጀርስ ካሴት ነበር። ስለዚህም ለረጅም ጊዜ የገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያንና ሚስቱ ጥላው የሄደች ባል ዘፈን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዘፋኙን ፓትሪክ ሃገርቲን ያወቅሁት ከዚያ በጣም ዘግይቼ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ሃገርቲ በ1944 ተወልዶ ያደገው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በፖርት አንጀለስ አቅራቢያ፣ በወተት ላም እርባታ ከሚተዳደር ቤተሰብ ውስጥ ነው። በስተእርጅናው ደጋግሞ ያወራው አንድ ታሪክ አለ። ተማሪ ሳለ አንድ ቀን ፊቱን በሚያብረቀርቅ ብናኝ አሳምሮ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ አባቱ የእርሻ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ሲመጣ ያይና ይሸሸጋል። ወደ ቤት ሲመለሱ አባትየው አልተቆጣም። አድገህ የምትሆነውን ስትሆን ተደብቀህ አታድርገው አለው፤ የሚደበቅ ሰው ጥፋት የሠራ እየመሰለው ይኖራልና፣ ዕድሜውን እንዲህ የሚያሳልፍም ነፍሱን ያበላሻል። አባትየው ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ምክሩ ዋጋ አስከፈለው። በ1966 በሕንድ ሲያገለግል የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ በመሆኑ ከሰላም ጓድ ተሰናበተ (ያው አባቶቻችን በመምህራኑ የሚያስታውሱት ድርጅት ነው)። በ1973 ደግሞ በሲያትል ከጓደኞቹ ጋር «ላቬንደር ካንትሪ» የተባለውን ሸክላ አሳተመ፤ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን በግልጽ የሚናገር የመጀመሪያው የካንትሪ አልበም መሆኑ ይነገርለታል። የከተማዋ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ማኅበረሰብ ባዋጣው ገንዘብ 1,000 ቅጂ ብቻ ታተመ፤ የተሸጠውም በኮንሰርትና በማኅበረሰቡ ጋዜጦች ማስታወቂያ በኩል፣ በፖስታ ነበር። ቫዮሊኑና ፒያኖው ጠላ ቤት ውስጥ እንዳለ ጨዋታ ዘና ያሉ ናቸው፤ ግጥሙ ግን አንዳንዴ ይቆጣል፣ አንዳንዴ ያፌዛል፣ አልፎ አልፎም እንደ ማንኛውም የካንትሪ ዘፈን በብቸኝነት ያለቅሳል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ለቅሶ ነው።

ባንዱ በ1976 ተበተነ። ሃገርቲ ልጆች አሳደገ፣ በፖለቲካ ትግል ውስጥ ቆየ፣ ለምርጫም ተወዳደረ፤ ኋላም ወደ አረጋውያን መጦሪያዎች እየሄደ፣ የማስታወስ ችሎታቸው ለከዳቸው ሽማግሌዎች የጥንት የካንትሪ ዘፈኖችን ይዘፍንላቸው ነበር። አልበሙን በ2014 አንድ አነስተኛ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ዕድሜው ወደ ሰባ ተጠግቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ወጣት ዘፋኞች መድረክ አጋሩት፣ ጋዜጦች ጻፉለት።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን አስደሳች ፍጻሜ አድርገው ያቀርቡታል። ለእኔ ግን ሒሳቡ አይገጥምልኝም። ሁለተኛው አልበሙ የወጣው በ2019፣ ከመጀመሪያው 46 ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም በ2022 ጥቅምት ወር ማብቂያ ላይ በ78 ዓመቱ ሞተ። በመካከሉ ሊጻፉ ይችሉ የነበሩትን ዘፈኖች የሰማቸው የለም።